ወዘተረፈ፦ ፕሮግራም ከተራገፈ በኋላ ስለሚቀር ፋይል

በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በቀራንዮ መድኃኔ ዓለም አካባቢ የሚኖር ሰው መታወቂያ ለማሳደስ ወይም የቤት ጉዳይ ለማስፈጸም ሲወጣ ወዴት እንደሚሄድ ቢጠየቅ «ቀበሌ ደርሼ ልምጣ» ማለቱ የተለመደ ነው። በሕግ መዝገብ ግን የሚሄድበት መሥሪያ ቤት ቀበሌ መባሉ ከቀረ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ቀበሌ በከተማ የተተከለው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገው በአዋጅ ቁጥር 47/1967 መሠረት ነበር፤ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶችም በእርሱ ሥር ገቡ። በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ በ10 ክፍለ ከተሞች ስትዋቀር የሁለት ሰፈሮች ስም ተጣምሮ ኮልፌ ቀራንዮ የተባለ ክፍለ ከተማ ቆመ፤ ኋላም በሥሩ የነበረው ቀበሌ ቀርቶ ወረዳ ተተካ። መዋቅሩ እንዲህ ሲለዋወጥ «የቀበሌ ቤት» የተባለው ቤት ግን እስከ ዛሬ የቀበሌ ቤት ነው። ተቋሙ ለሰው የሰጠው ስምና ቁጥር በሰው እጅ ገብቶ ስለ ነበር፣ ተቋሙ ሲነሣ አብሮ አልተነሣም።

ለኮምፒዩተር ባለሙያ ይህ ነገር እንግዳ ሊሆንበት አይችልም። አንድ ፕሮግራም ከማሽን ላይ ይነሣል፤ የሥራው ፋይሎችና የአጠቃቀም መመሪያው ሁሉ ይጠረጋሉ፤ ፕሮግራሙ እንዴት እንዲሠራ የታዘዘበት ትንሽ ጽሑፍ፣ ማለትም የኮንፊገሬሽን ፋይሉ፣ ግን በቦታው ይቀራል። አማርኛ ተናጋሪው ባለሙያ ለዚህ ሥራ የመረጣቸው ቃላት ራሳቸው ጉዳዩን ይገልጡታል። ፕሮግራም «ይጫናል»፤ ፕሮግራም «ይራገፋል»። ቃላቱ የሲራራ ነጋዴን ወግ ያስታውሳሉ፤ ነጋዴም ጭነቱን ከአጋሰሱ ላይ ሲያራግፍ መጫኛውን ጠቅልሎ ያስቀምጠዋል እንጂ አይጥለውም፤ ነገ ደግሞ ያስፈልገዋልና። መጫኛው ይቀመጥ ወይስ ይጣል የሚለው ክርክር በኮምፒዩተር ዓለም ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው።

እነዚህ ፋይሎች የሚቀመጡበት ማኅደር ስም ራሱ ሊጤን የሚገባው ነው። ዩኒክስ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ በኬን ቶምሰንና በዴኒስ ሪቺ እጅ ሲሠራ፣ በሌሎቹ ማኅደሮች ውስጥ ቦታ ያልተገኘለት ልዩ ልዩ ነገር የሚከማችበት ማኅደር «ኢቲሲ» ተባለ፤ ይኸውም «ኤት ሴቴራ» የሚለው የላቲን ሐረግ አሕጽሮት ነው። በአማርኛ ጽሑፍ የዚህ ሐረግ አቻ «ወዘተ» ሲሆን፣ «ወዘተ» በበኩሉ «ወዘተረፈ» የሚለው የግዕዝ ሐረግ አጭር መልክ ነው። ላቲኑ ሌሎቹን ነገሮች ሲጠቁም፣ ግዕዙ ግን የተረፈውን፣ የቀረውን ይላል። ማኅደሩ ከጊዜ በኋላ ፕሮግራም እንዳይቀመጥበት ተከልክሎ የትእዛዝና የደንብ ጽሑፍ ብቻ መኖሪያ ሆነ። በዚያም ማኅደር ውስጥ ባለቤታቸው የሞተ ፋይሎች እየበዙ ሲሄዱ፣ የማኅደሩን ዕጣ ከላቲኑ ይልቅ ግዕዙ አስቀድሞ ተናግሮታል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በመጀመሪያው ዘመን ማራገፍ የሚባል ሥራ በወጉ አልነበረም። የፕሮግራሙ ምንጭ ጽሑፍ ታሽጎ ይመጣል፤ የሲስተም አስተዳዳሪው ወደ ማሽን ቋንቋ ይለውጠዋል፤ ፋይሎቹም በማሽኑ ልዩ ልዩ ቦታ ይበተናሉ። የትኛው ፋይል የት እንደ ሄደ የሚመዘግብ ስላልነበረ፣ ፕሮግራሙን ሊያነሣ የፈለገ ሰው በእጁ እየፈለገ ያጠፋ ነበር፤ ሲያጠፋም የሌላውን ንብረት አብሮ ማጥፋቱ የታወቀ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ ሊነክስን እ.ኤ.አ. በ1991 ካስተዋወቀ በኋላ ፕሮግራሞችን በአንድነት አሰናድተው የሚያድሉ ስብስቦች ተነሡ፤ ከእነዚህም አንዱ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ኤስኤልኤስ ነበር። ስብስቡ ስሕተት የበዛበት ሆኖ ስላገኘው፣ ኢያን መርዶክ የተባለ አሜሪካዊ ተማሪ እ.ኤ.አ. ኦገስት 16 ቀን 1993 ደቢያን የተባለውን አዲስ ሥራ አስታወቀ። ስሙንም ከፍቅረኛው ከዴብራና ከራሱ ስም ገጣጥሞ አወጣው።

የደቢያን ዋና አዲስ ነገር ፓኬጅን የሚያስተዳድር ፕሮግራም ነበር። «ዲፒኬጂ» የተባለው ይህ ፕሮግራም መጀመሪያ ቀለል ባሉ ቋንቋዎች ተጽፎ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1994 እንግሊዛዊው ኢያን ጃክሰን በሲ ቋንቋ እንደገና ጻፈው። ዲፒኬጂ እያንዳንዱ ፓኬጅ ያመጣውን ፋይል ሁሉ በመዝገብ ይይዛል፤ ስለዚህ ሲራገፍ ምን ምን እንደሚነሣ ያውቃል። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ የጽዳት ታሪክ ሆኖ በቀረ ነበር። ነገር ግን መዝገቡን የያዙት ሰዎች ወዲያው አንድ ችግር ገጠማቸው። ፓኬጁ ካመጣቸው ፋይሎች መካከል አንዳንዶቹ ከተጫኑ በኋላ በማሽኑ ባለቤት እጅ ይለወጣሉ፤ ባለቤቱ የመሥሪያ ቤቱን አድራሻ፣ የሠራተኞቹን ፈቃድ፣ የመረጃ ቋቱን የይለፍ ቃል ይጽፍባቸዋል። ፋይሉን ያመጣው ፓኬጁ ነው፤ በውስጡ ያለው ቃል ግን የባለቤቱ ነው። ታዲያ ፋይሉ የማን ነው?

በኢትዮጵያ የጽሑፍ ባህል ውስጥ ለዚህ የሚቀርብ ምሳሌ አለ። በጥንታውያን አድባራትና ገዳማት የወንጌል መጻሕፍት ባዶ ገጾች ላይ የርስትና የጉልት ጉዳይ ይመዘገብ እንደ ነበር ይታወቃል። መጽሐፉን የጻፈው ጸሐፊ ስለ መሬቱ የሚያውቀው ነገር የለም፤ መዝገቡ ከገባበት በኋላ ግን ያንን መጽሐፍ በሌላ፣ በተሻለና በታረመ ቅጂ ልተካ የሚል ሰው የደብሩን መሬት አብሮ እንደሚያጠፋ ማወቅ ነበረበት።

ዲፒኬጂ የሰጠው መልስ እንዲህ ያለውን ፋይል «ኮንፍፋይል» ብሎ ለይቶ መመዝገብ ነበር። አሠራሩም ብልኃት ያለበት ነው። ፓኬጁ ሲጫን የፋይሉ አሻራ፣ በሙያው ቋንቋ ኤምዲ 5 የተባለው ድምር፣ በመዝገብ ይያዛል። አዲስ እትም በመጣ ጊዜ ሦስት ነገሮች ይነጻጸራሉ፤ ቀድሞ የመጣው ፋይል፣ ዛሬ በማሽኑ ላይ ያለው፣ አሁን ሊገባ ያለው። ባለቤቱ ምንም ያልነካው ከሆነ አዲሱ ያለ ጥያቄ ይተካዋል። ባለቤቱ ለውጦት፣ አዘጋጆቹ ግን ካለፈው እትም ያልለወጡት ከሆነ የባለቤቱ ይጸናል። ሁለቱም የለወጡት ሲሆን ዲፒኬጂ ሥራውን አቁሞ ይጠይቃል፤ መልስ የሚሰጠው ሰው ዝም ብሎ ቁልፉን ቢጫን እንኳ የሚጸናው የባለቤቱ ቃል ነው። አዲሱ ፋይል «ዲፒኬጂ-ዲስት» የሚል ቅጥያ ተሰጥቶት በአጠገቡ ይቀመጣል፤ አዲሱ የተመረጠ እንደ ሆነ ደግሞ አሮጌው «ዲፒኬጂ-ኦልድ» ተብሎ ይቆያል። ከሁሉ የሚያስገርመው ባለቤቱ ፋይሉን ጨርሶ አጥፍቶት ከሆነ የሚደረገው ነው። ዲፒኬጂ መጥፋቱን እንደ ባለቤቱ ውሳኔ ይቈጥረዋል፤ በሚቀጥለውም እትም ፋይሉን መልሶ አይጭንበትም። ባዶነትም የታዘዘ ነገር ሊሆን እንደሚችል የተረዱ ሰዎች የሠሩት ሥራ ነው።

ከዚህ ሐሳብ ቀጥሎ የመጣው ማራገፍን በሁለት መክፈል ነበር። አንደኛው ተራ ማራገፍ ሲሆን ፕሮግራሙን ያነሣል፤ ኮንፍፋይሎቹን ግን ይተዋል። ሁለተኛው «ፐርጅ» የሚባለው፣ በአማርኛ ፈጽሞ ማጥራት ሊባል የሚችለው ነው፤ ይህ የባለቤቱን ቃል ጭምር ያጠፋል። የደቢያን የአሠራር ደንብ እንደሚያዘው፣ ፓኬጅ ሲታደስ የባለቤቱ ለውጥ መጠበቅ አለበት፤ ሲራገፍም የኮንፊገሬሽን ፋይሎች ይቀራሉ፤ የሚጠፉት በማጥራት ጊዜ ብቻ ነው። ከዚህ የተነሣ በዲፒኬጂ ዝርዝር ውስጥ ከተጫኑትም ካልተጫኑትም ወገን ያልሆኑ ፓኬጆች ይታያሉ። በዝርዝሩ ግራ ዳር «አር ሲ» የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ይነበባሉ፤ የፊተኛው ባለቤቱ እንዲራገፍ ማዘዙን፣ የኋለኛው በማሽኑ ላይ የቀረው የኮንፊገሬሽን ፋይሉ ብቻ መሆኑን ያመለክታል። ለብዙ ዓመታት ያለ ማቋረጥ እየታደሰ የመጣ ሰርቨር ያለው ባለሙያ ይህን ዝርዝር ቢመለከት፣ ከዚህ በፊት በማሽኑ ላይ የሠሩት ሰዎች ሞክረው የተዉትን ብዙ ፕሮግራም ያገኛል።

በአንጻሩ የቀይ ኮፍያ ምልክት ያለው ሬድ ሃት የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1995 ማርክ ዩዊንግና ኤሪክ ትሮን የጻፉትን «አርፒኤም» የተባለ አስተዳዳሪ አወጣ። አርፒኤም ሰውን በጭራሽ አይጠይቅም። ይህ በቸልታ የተደረገ አይደለም፤ መቶ ማሽኖችን በአንድ ሌሊት የሚያድስ ሰው በእያንዳንዱ ማሽን ፊት ተቀምጦ መልስ ሊሰጥ አይችልምና። ስለዚህ ሲያራግፍ ባለቤቱ ያልነካውን የኮንፊገሬሽን ፋይል ያጠፋል፤ የተነካውን ደግሞ «አርፒኤም-ሴቭ» የሚል ቅጥያ ሰጥቶ ይተወዋል። ሲያድስም እንደ ፓኬጁ አዘጋጅ ምርጫ ወይ የባለቤቱን ፋይል በዚሁ ቅጥያ ወደ ጎን አድርጎ አዲሱን ያስገባል፣ ወይም የባለቤቱን አጽንቶ አዲሱን «አርፒኤም-ኒው» ብሎ በአጠገቡ ያኖረዋል።

ሁለቱን አሠራሮች ያወዳደሩ ብዙዎች ናቸው። አርፒኤም ፍጥነት አለው፤ ቅሪቱም በቅጥያው ስለሚታወቅ ፈልጎ ለማግኘት ይቀላል፤ ፕሮግራሙም ቅጥያ ያለውን ፋይል አያነበውም። ነገር ግን ጥያቄውን ማስቀረት ውሳኔውን ማስቀረት አይደለም፤ ውሳኔው ከማሽኑ ባለቤት ወደ ፓኬጁ አዘጋጅ ተዛወረ እንጂ። የደቢያን ጥያቄ ደግሞ በሌሊት ተረኛ ሆኖ በተቀመጠ፣ ፋይሉን ማን መቼ እንደ ለወጠው በማያውቅ ጀማሪ ላይ የሚወድቅበት ጊዜ አለ። እንዲህም ሆኖ የሚጠይቀው አሠራር ከማይጠይቀው ይሻላል ማለት ይቻላል፤ ቢያንስ ሁለት ሐሳብ መኖሩን ይናገራልና።

የቀረ ፋይል ዝም ብሎ የሚቀመጥ ቢሆን ኖሮ ነገሩ የቦታ ጉዳይ ብቻ በሆነ ነበር፤ ቦታውም እጅግ ትንሽ ነው። ችግሩ አንዳንዱ ፋይል ራሱ የሚሠራ መሆኑ ነው። ማሽኑ ሲነሣ አገልግሎትን የሚያስጀምረው ጽሑፍ፣ በተወሰነ ሰዓት ሥራ የሚያዘው ጽሑፍ፣ የክንውን መዝገብን የሚያሽከረክረው ጽሑፍ ሁሉም በዚያው «ወዘተረፈ» ማኅደር ውስጥ የሚገኙ ኮንፍፋይሎች ናቸው። ፕሮግራሙ ከተራገፈ በኋላ እነዚህ ጽሑፎች የሌለውን ፕሮግራም መጥራታቸውን ይቀጥላሉ፤ በየሌሊቱም የስሕተት መልእክት ወደ አስተዳዳሪው ይልካሉ። ደቢያን ለዚህ ያወጣው መፍትሔ ፋይሉን ማንሣት ሳይሆን ፋይሉን ማስተማር ነበር። በደንቡ መሠረት እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሁሉ ከመጀመሪያው መስመሮቹ በአንዱ ላይ ፕሮግራሙ በቦታው መኖሩን መጠየቅ፣ ከሌለም ድምፅ ሳያሰማ መውጣት አለበት። ስለዚህ ደህና የተጻፈ የአገልግሎት ጽሑፍ ጌታው ከሞተ በኋላ ምን ማድረግ እንዳለበት ከተወለደ ጀምሮ ያውቃል።

ከዚህ የከበደው የምስጢር ጉዳይ ነው። የመረጃ ቋት የይለፍ ቃል፣ የገመድ አልባ መረብ ቁልፍ፣ የደብዳቤ ሰርቨር መግቢያ የሚጻፉት በኮንፊገሬሽን ፋይል ውስጥ ነው። ፕሮግራሙ ስለ ተራገፈ ምስጢሩም አብሮ ሄደ ብሎ የሚያምን መሥሪያ ቤት ማሽኑን ለሌላ ክፍል ቢያስተላልፍ ወይም በጨረታ ቢሸጥ፣ አብሮ የሸጠውን አያውቀውም። በዚህ ረገድ ማጥራት ግዴታ ነው፤ ማሽኑ ከግቢ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ማጥራትም አይበቃም፣ ዲስኩ እንዳለ መደምሰስ አለበት። በሌላው ወገን ግን ማጥራት በግዴለሽነት የሚሰነዘር ቃል አይደለም። የታወቁት የመረጃ ቋት ፓኬጆች ሲጠሩ በቋቱ ውስጥ ያለው መረጃ ጭምር ይጥፋ እንደ ሆነ ባለቤቱን ይጠይቃሉ፤ በዚያች ጥያቄ ላይ «አዎን» ያለ ሰው የማስተካከያ ጽሑፍ ሳይሆን የመሥሪያ ቤቱን መዝገብ ያጠፋል። «ሁሉንም ጠራርገህ እንደገና ጫን» የሚለው ምክር ከአንዱ ባለሙያ ወደ ሌላው የሚተላለፍ ቀላል መድኃኒት ሆኗል፤ መድኃኒቱ የሚያድነው ግን አስቀድሞ ቅጂ የያዘውን ብቻ ነው።

ፓኬጅ አስተዳዳሪው እጁን የማያስገባበት አንድ ክልል አለ፤ እርሱም የተጠቃሚው የግል ማኅደር ነው። በልማድም በደንብም ፓኬጅ ሲራገፍም ሆነ ሲጠራ በሰዎች የግል ማኅደር ውስጥ ያለውን ፋይል አይነካም። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ማሽኑን የሚያስተዳድረው ሰው በማሽኑ የሚጠቀመው ሰው ጌታ አይደለምና። ይሁን እንጂ የአማርኛ ጽሑፍ በኮምፒዩተር የተጓዘበት መንገድ የዚህን ክልል ዋጋ በግልጽ ያሳያል።

የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 እትም ውስጥ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም ፊደላቱን በራሱ ቁጥር ያስቀምጥ ነበር፤ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ዝብርቅ ሆኖ ይታይ ነበር። በዚያው በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ፊደሉን በላቲን ቁልፎች ለመጻፍ የሚያስችለውን «ሴራ» የተባለ ሥርዓት አወጡ፤ ሥርዓቱም በነጻ ሶፍትዌር ዓለም ውስጥ ገብቶ የሊነክስ ተጠቃሚዎች አማርኛ የሚጽፉበት አንዱ ዋና መንገድ ሆነ። ነገር ግን ቁልፍን ወደ ፊደል የሚለውጠው ሰንጠረዥ ብቻውን አይሠራም፤ በተጠቃሚውና በጽሑፍ ማዘጋጃው መካከል የሚቆም የማስገቢያ ፕሮግራም ያስፈልገዋል። ለዚህ አገልግሎት ለብዙ ዓመታት ይሠራበት የነበረው «ስኪም» ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ግን ፌዶራ በ11ኛው፣ ኡቡንቱም በ9.10 እትሙ «አይባስ» የተባለውን አዲስ ፕሮግራም በስኪም ቦታ ተኩ።

እዚህ ላይ ቅሪቱ ተናገረ። በአማርኛ ለመጻፍ የፈለገ ሰው ከዚያ በፊት በግል ማኅደሩ ባለ የመነሻ ፋይል ውስጥ የማስገቢያ ዘዴው ስኪም መሆኑን በአንድ መስመር ጽፎ ከነበረ፣ ማሽኑ ወደ አዲሱ እትም ሲሻገር ያች መስመር አልተነካችም። ስኪም ተራግፏል፤ አይባስ ተጭኗል፤ የሴራ ሰንጠረዥም በቦታው አለ። ተጠቃሚው ግን ቁልፉን ሲጫን የሚወጣለት የላቲን ፊደል ነው። የጽሑፍ ማዘጋጃው ያችን መስመር አንብቦ ስኪምን ይፈልጋል፤ ሲያጣው ስሕተት ሳያሳውቅ ወደ ተራው አጻጻፍ ይመለሳልና። ፓኬጁን ማራገፍና መልሶ መጫን፣ ማጥራትም ቢሆን ምንም አይለውጥም፤ ችግሩ ያለው ፓኬጅ አስተዳዳሪው በማያውቃት፣ ባለቤቱም ራሱ መጻፉን በረሳት በአንዲት መስመር ውስጥ ነው። እንግሊዝኛ ብቻ የሚጽፍ ተጠቃሚ ይህን መሻገር ምንም ሳያውቀው አልፎታል። በአማርኛ፣ በጃፓንኛና በቻይንኛ የሚጽፈው ግን በፊደሉ ከፈለበት፤ «አማርኛ በሊነክስ አይሠራም» የሚለው አስተያየት የሚወለደውም ከእንዲህ ያለ ቀን ነው።

በኋለኞቹ ዓመታት ልዩ ልዩ መፍትሔዎች መጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 ጆይ ሄስ የጻፈው «ኢቲሲኪፐር» የኮንፊገሬሽን ማኅደሩን በሙሉ በለውጥ መዝገብ ውስጥ ያስገባል፤ በዚህም ማን መቼ ምን እንደ ለወጠ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2010 ዲፒኬጂ ራሱ፣ ፓኬጁ የተዋቸውን ኮንፍፋይሎች አዘጋጆቹ በጥንቃቄ እንዲያነሡ የሚረዳ መሣሪያ ጨመረ፤ ባለቤቱ የለወጠው ሆኖ ከተገኘ መሣሪያው ፋይሉን ስሙን ለውጦ ያቆየዋል። ሆላንዳዊው ኤልኮ ዶልስትራ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ለዶክትሬት ባቀረበው ጽሑፍ ያብራራው «ኒክስ» እያንዳንዱን ፓኬጅ በራሱ ክፍል ለይቶ ያስቀምጣል።

ከእነዚህ ሁሉ ግን ሥር የሰደደው ለውጥ ያለ ብዙ ድምፅ የመጣው ነው። የፓኬጁ አዘጋጅ የራሱን ደንብ በፓኬጁ ማኅደር ውስጥ ያስቀምጣል፤ የማሽኑ ባለቤት ደግሞ ከዚያ የሚለይበትን መስመር ብቻ በ«ወዘተረፈ» ማኅደር ይጽፋል። የአዘጋጁ ቃልና የባለቤቱ ቃል በአንድ ፋይል ውስጥ ካልተደባለቁ፣ ያ የሦስት ነገር ንጽጽር አያስፈልግም፤ ፓኬጁ ሲሄድም ምን የማን እንደ ሆነ ግልጽ ነው። የባለቤቱ መስመር ግን አሁንም ይቀራል።

አንዳንዴ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ የባለቤቱ ቃል ሳይነካ ቃሉ የሚያመለክተው ነገር ከሥሩ ይለወጣል። ለዚህ ከአዲስ አበባ የሚቀርብ ምሳሌ አይገኝም። በቀራንዮም ሆነ በሌላው የከተማው ክፍል የሊነክስ ማሽን የጫነ ባለሙያ ሰዓቱን ሲያስተካክል «አፍሪካ» ከሚለው ሥር «አዲስ አበባ» የሚለውን ይመርጣል። ምርጫው በኮንፊገሬሽን ማኅደሩ ውስጥ በስም ይጻፋል፤ የስሙ ትርጉም ግን የሚኖረው በሌላ ፓኬጅ፣ የዓለምን የሰዓት ክልሎች በያዘው የመረጃ ስብስብ ውስጥ ነው። ይህን ስብስብ አርተር ዴቪድ ኦልሰን ጀመረው፤ ፖል ኤገርት ሲያዘጋጀው ቆየ፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህም የኢንተርኔት ቁጥሮችን የሚያድለው ተቋም አስጠግቶታል።

በዚያ ስብስብ ውስጥ ለአዲስ አበባ ሦስት መስመሮች ተጽፈው ነበር። የመጨረሻው ዛሬ የሚሠራበት ከግሪንዊች በ3 ሰዓት የሚቀድመው ሰዓት ነው። ከእርሱ በፊት ያለው ከግሪንዊች በ2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ የሚቀድም ሲሆን፣ የሚያበቃበትም ቀን እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 1936 ተብሎ ተመዝግቧል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ማለት ነው፤ የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ የገባበት ዕለት። መረጃው የተቀዳው ቶማስ ሻንክስ ከተባለ ሰው አትላስ ሲሆን፣ አትላሱም በዋናው ለኮከብ ቈጣሪዎች የተዘጋጀ ነበር። የስብስቡ አዘጋጆች ራሳቸው መረጃው ስሕተት ሳይሆን እንደማይቀር በአጠገቡ ጽፈዋል፤ ኢትዮጵያውያን ሰዓትን ከንጋት ጀምረው በ12 እንደሚቈጥሩም አክለው አስታውሰዋል። እንዲህም ሆኖ በዓለም ላይ ባሉ ሰርቨሮች ሁሉ፣ የወራሪው ጦር የገባበት ቀን በአዲስ አበባ ሰዓት ውስጥ እንደ ተራ የማስተካከያ መስመር ለብዙ ዓመታት ተቀምጦ ኖረ።

እ.ኤ.አ. በ2014 አዘጋጆቹ በቀድሞ ዘመናቸው ብቻ የሚለያዩትን፣ የዚያም ዘመን መረጃቸው የሚያጠራጥረውን ክልሎች አንድ ላይ አደረጉ። የአዲስ አበባ ሦስት መስመሮች ከዋናው ፋይል ወጥተው ለአሮጌ መረጃ ወደ ተለየ ፋይል ተዛወሩ። ስሙን ግን ማንሣት አልቻሉም፤ ቁጥሩ በማይታወቅ ማሽን ላይ በባለቤቶች እጅ ተጽፎ ነበርና። ስለዚህ «አዲስ አበባ» የሚለው ስም እንዳለ ቆይቶ ወደ ናይሮቢ የሚያመለክት ማያያዣ ሆነ።

ዛሬ ለሚላክ ደብዳቤና ለሚመዘገብ ሒሳብ ልዩነት የለውም፤ ሁለቱ ከተሞች ሰዓታቸው አንድ ነው። ነገር ግን አሮጌውን ፋይል ያልጨመረ ማሽን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ዋና ከተማቸው የተመለሱበትን ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሰዓት አስላ ቢባል፣ የሚሰጠው መልስ ከግሪንዊች በ2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ የሚቀድም ነው። ያም በዚያን ጊዜ የኬንያ ቅኝ ግዛት ሰዓት ነበር።